ሰርቨሩ መለያ ቁልፉ ተቀይሯል እያለ አላስገባ አለኝ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምከራየውን ሰርቨር ቅዳሜ ዕለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከባዶ ከጫንኩበት በኋላ፣ እንደ ወትሮዬ ከላፕቶፔ ተርሚናል በኤስኤስኤች (ሩቅ ያለን ኮምፒውተር በተመሰጠረ ግንኙነት ማዘዣ ዘዴ) ልገባ ስል የሰርቨሩ መለያ ቁልፍ መቀየሩን በትልልቅ ፊደላት የሚያስጠነቅቅ መልእክት ይመጣና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ባልደረባዬ «ኖውን ሆስትስ የሚባለውን ፋይል አጥፋውና ትገባለህ» አለኝ፤ እኔ ግን ምን እንደማጠፋ ሳላውቅ መሰረዙ ከበደኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
አለመቸኮልዎ መልካም ነው። ኤስኤስኤች ከአንድ ሰርቨር ጋር መጀመሪያ ሲገናኝ የሰርቨሩን የሕዝብ ቁልፍ (ለማንም ቢታይ ችግር የሌለውን መለያ ቁልፉን) በዚያ ፋይል ይመዘግባል፤ ከዚያ ወዲያ በገቡ ቁጥር ሰርቨሩ ያቀረበውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ሲስተሙ እንደ አዲስ ሲጫን አዲስ ቁልፍ ስለሚፈጠር ማስጠንቀቂያው በእርስዎ ሁኔታ የሚጠበቅ ነው፤ ሆኖም መሐል ገብቶ ሰርቨሩን የሚመስል ሰው ቢኖርም የሚያዩት ያንኑ መልእክት ነው። ስለዚህ በአከራይዎ ድረ ገጽ በሚገኘው ኮንሶል (ያለ ኤስኤስኤች ሰርቨሩን በሚያዙበት መስኮት) ይግቡና፣ በኤስኤስኤች-ኪይጄን ትዕዛዝ፣ በትንሹ «ኤል» እና «ኤፍ» አማራጭ፣ የሰርቨሩን የሕዝብ ቁልፍ አሻራ (ከቁልፉ የሚሰላ አጭር መለያ) ያውጡ። በማስጠንቀቂያው ውስጥ «ሻ256» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ከዚህ ጋር አንድ ከሆነ፣ ላፕቶፕዎ ላይ ያንኑ ትዕዛዝ በትልቁ «አር» አማራጭ ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር ይስጡ፤ የሚሰረዘው የዚያ ሰርቨር መዝገብ ብቻ ነው።

መልስ 2፦
ፋይሉን በሙሉ ካጠፉት የሌሎቹም ሰርቨሮች መዝገብ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ እያንዳንዱ «ልቀጥል ወይ?» እያለ ይጠይቅዎታል፤ አሻራውን ሳያዩ «የስ» ብሎ ማለፍ ደግሞ፣ እኔንም ጨምሮ፣ የብዙዎቻችን አመል ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፤ አሻራው ፊደል በፊደል ገጠመ፣ መዝገቡንም ሰረዝኩ። አሁን ግን «ፈቃድ ተከልክሏል» ይለኛል።

መልስ 1፦
ይህ ደግሞ ሰርቨሩ እርስዎን የሚለይበት የእርስዎ የሕዝብ ቁልፍ ተመዝግቦበት የነበረው የሰርቨሩ ፋይል («ኦቶራይዝድ ኪይስ») ከአሮጌው ሲስተም ጋር ስለጠፋ ነው። በኮንሶሉ በኩል ቁልፍዎን መልሰው ያስገቡት፤ የሚያስገቡት ላፕቶፕዎ ላይ ስሙ በ«ፐብ» የሚያልቀውን ፋይል ይዘት ይሁን እንጂ የግል ቁልፉ ከላፕቶፕዎ አይውጣ። ሰርቨሩ ላይ ያ ፋይል የሚቀመጥበትን አቃፊ («.ssh») ፈቃድ 700፣ የፋይሉን 600 ያድርጉ (ሁለቱም ከባለቤቱ ሌላ ማንም እንዳይጠቀም ያደርጋሉ)፤ ሌላ ተጠቃሚ ሊጽፍበት የሚችል ከሆነ ሰርቨሩ ቁልፉ ትክክል ቢሆንም አይቀበለውም።