አዲስ አበባ ያለ ሆቴል «ፓርኪንግ አለን» ሲለኝ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ከበሬሳ ማዶ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ፖርቶመጋላ ያላት ፒክአፕ አለችኝ። ጥር ላይ የእህቴን ልጅ ልድር አዲስ አበባ ወረድኩ። ከኋላ ሁለት በግና አንድ ጀሪካን አረቄ ጭኛለሁ (ባዶ እጄን ልሂድ እንዴ?)። ሆቴሉን በስልክ ነው የያዝኩት፣ ስሙን ተዉት። «ፓርኪንግ አላችሁ?» ስላት ልጅቷ «አለን ጋሼ፣ ቤዝመንት ነው» አለችኝ።

ስደርስ ሕንፃው ከታች ባንክ፣ ከላዩ ሱቅና ካፌ ነው። ሆቴሉ የሚጀምረው 5ኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደ ቤዝመንቱ ቁልቁል ስገባ ፖርቶመጋላው ጣሪያውን ፋቀው። ጥበቃው «ተመለስ! ተመለስ!» ይላል፣ ከኋላዬ ሦስት መኪና ክላክስ ያደርጋል፣ በጎቹም ይጮኻሉ። ኋላ በእግሬ ወርጄ ባየው ግማሹ ቤዝመንት የሱቆቹ መጋዘን ሆኗል። መኪና ሳይሆን ካርቶን ነው የቆመበት። መኪናዬ አስፋልት ዳር አደረች። እኔም በመስኮት እያየኋት አደርኩ። አልጋውን በከንቱ ከፈልኩ።

እኛ ጋ ሆቴል ግቢ አለው። ጠዋት ብርዱ ሞተር አላስነሣ ካለ ጥበቃው ራሱ ይገፋልሃል።

ከፋሲካ በኋላ እናቴን ለዓይን ሕክምና ልወስዳት ነው፣ ለ3 ሌሊት። 130 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ አላንገላታትም። ምን ልጠይቅ?

የቀድሞ ጥበቃ፦
ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ላይ ጥበቃ ሠርቻለሁ። እንግዳ መቀበያዋን ልጅ አይጠይቋት። እሷ ቤዝመንት ወርዳም አታውቅ ይሆናል። «ጥበቃውን አገናኚኝ» ይበሏት። ከዚያ ለሆቴሉ ብቻ የተያዘ ቦታ እንዳለ ይጠይቁ። ከሌለ ባንኩ ከተዘጋ በኋላ ይግቡ፣ ያኔ ይለቃል። ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። አዳራሽ ካለው ሠርገኛው ይሞላዋል፣ ያኔ እኛም አናድንዎትም።

ሲሚንቶና ብረት፦
ከፍታውንም ጠይቅ ወንድሜ። በር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመን። ውስጥ ቢሙ (ጣሪያውን የሚሸከመው አግዳሚ) አለ፣ ከቢሙ ሥር ደግሞ የውኃ ቱቦ ይንጠለጠላል።

የቦታው ነገር ሂሳብ ነው። አንድ መኪና የሚቆምበት 2.5 በ5 ሜትር ነው ይባላል። መተላለፊያውና መውረጃው ሲታሰብ ግን ለአንድ መኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይሄዳል። 500 ካሬ ቤዝመንት 20 መኪና ከያዘ ጥሩ ነው። ከዚያ ላይ የባንኩ ሠራተኛ፣ ባለሱቁ፣ የካፌው ደንበኛ። አንተ 21ኛው ነህ! በእርግጥ ቅይጥ ሕንፃ በራሱ ክፉ አይደለም። ቀን የባንክ ሰው ያቆመበት ቦታ ማታ ለሆቴል እንግዳ ይሆናል። ካርቶኑ ግን ቀንም ማታም አይነቃነቅም።

ከበሬሳ ማዶ፦
ኧረ ጉድ! አማቼ እዚሁ ከታች ሱቅ፣ ከላይ አልጋ ሊሠራ ነው፣ ጂ+4። ግቢውን ሳያስቀር ሕንፃ ሊሞላው ነበር። ዛሬውኑ ይህን አነብለታለሁ።

የሰንዳፋ መንገድ፦
መስቀል አደባባይ ሥር ለምን አታቆምም? በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,400 መኪና ይይዛል ተብሏል። ከዚያ በታክሲ መሄድ ነው። መኪና በሊፍት የሚደረድር ፓርኪንግ ካጋጠመህ ግን ለፒክአፕህ መሆኑን ሳትጠይቅ እንዳትሞክረው።

የቀድሞ ጥበቃ፦
እናቱን ይዞ እኮ ነው። ዓይናቸው ታሽጎ ከታክሲ ታክሲ ሊያወርዳቸው ነው? መጀመሪያ እሳቸውን ሆቴሉ በር ያውርድ፣ ከዚያ ያቁም።

ከበሬሳ ማዶ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሜትር ይዤ ለካኋት። ከነፖርቶመጋላዋ 2 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ናት፣ ሲወልቅ 1 ሜትር ከ80። ስለዚህ ፈታሁት። አንዱ ብሎን ዝጎ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሦስት ሆቴል ደውዬ ጥበቃውን ያገናኘኝ አንዱ ብቻ ነው። «በግ ካልጫንክ ና» አለኝ። ወሬው ደርሶት ይሆን እንዴ?