ቦክሰሬን በአሮጌ ዲቲ ልለውጥ ነው፤ ምኑን ልይ?

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ባጃጅ ቦክሰር ሞተር ሳይክሌን በያማሃ ዲቲ 125 እንለዋወጥ ብሎኛል። የሰፈራችን መንገድ ጭቃና ኮረኮንች ስለሆነ ልቤ ወዶታል። ግን አሮጌ ነው፤ ሲነሣም ይጨሳል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጭሱ ብቻ አትደንግጥ። ዲቲ ባለሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ዘይቱንም ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላል። ሞቆም ጭሱ ካልቀነሰ ግን ጠርጥር። እንደደረስክ ሞተሩን በእጅህ ዳስስ፤ ሞቆ ከጠበቀህ አስቀድሞ ተነሥቷልና እስኪበርድ ታገሥ። ከዚያ የማስነሻ መርገጫውን በእጅህ ቀስ ብለህ ተጫን። ሳይቋቋምህ ከወረደ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቆ ሊሆን ይችላል። የዘይት ፓምፑ መሥራቱንም አጥብቀህ ጠይቅ! ፓምፑ ተነቅሎ ከሆነና አንተ ሳታውቅ ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ብቻ ከሞላህ፣ ፒስተኑ መንገድ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ከሞተሩ በፊት ሊብሬውን ነው የማየው። በመሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ጭቃውን ጠርገህ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። ከቀረጥ ነጻ ለድርጅት የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን አረጋግጥ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሊብሬው በሟች አባቱ ስም ነው።

መልስ፦ እንግዲያውስ የወራሽነት ማረጋገጫውን ሳያሳይህ ቦክሰርህን እንዳታስረክብ። ሌሎች ወራሾች ካሉም እነሱም ይፈርሙ።