አይፐርፍ ደህና ቁጥር ያሳያል፤ የኤምፒአይ ሥራ ግን በቨርቹዋል ማሽኖች ላይ ለምን ይንቀረፈፋል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት የምርምር ክፍል ደብልዩአርኤፍ የተባለውን የአየር ጠባይ ትንበያ ሞዴል በኤምፒአይ (አንድን ሥራ የተካፈሉ ሂደቶች መልእክት በሚለዋወጡበት ዘዴ) የምናስኬደው በኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን በሚፈጥረው የሊኑክስ ሶፍትዌር) በተፈጠሩ ስምንት ቨርቹዋል ማሽኖች ላይ ነው። ሰርቨሮቹ በ10 ጊጋቢት ኢተርኔት የተያያዙ ሲሆን፣ በሁለት ማሽኖች መካከል በአይፐርፍ (በኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ስለካ ፍጥነቱ ከመስመሩ አቅም ብዙም አያንስም። ይሁን እንጂ ሥራው ወደ አራት ሲከፈል ትንሽ የፈጠነው ሞዴል ወደ ስምንት ሲከፈል ጭራሽ ይዘገያል። ቨርቹዋል ማሽን ሳይኖር በቀጥታ በሰርቨሮቹ ላይ ሲሄድ ይህ አልታየበትም። መስመሩ ካልሞላ ጊዜው የሚባክነው የት ነው?

መልስ 1፦
አይፐርፍ የሚለካው በመስመሩ ውስጥ ምን ያህል ዳታ እንደሚያልፍ ነው፤ የእርስዎ ሞዴል የሚፈልገው ግን ትንሽ መልእክት ቶሎ መድረሱን ነው። በእያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ ላይ ሂደቶቹ የየድርሻቸውን ጠርዝ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይለዋወጣሉ፣ ያ እስኪያልቅም ይጠብቃሉ። ሥራው በብዙ በተከፋፈለ ቁጥር የየሂደቱ ስሌት ያጥራል፣ መልእክቶቹም ያንሳሉ፤ አንድ መልእክት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ግን ባለበት ይቀራል።

በቨርት-አይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን በሶፍትዌር በተሠራ የኔትወርክ ካርድ) መንገድ ፓኬቱ ከእንግዳው፣ ማለትም ከቨርቹዋል ማሽኑ፣ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ተነሥቶ በአስተናጋጁ ሰርቨር ከርነልና በሶፍትዌር ብሪጅ በኩል ወደ ካርዱ ይደርሳል፤ በተቀባዩ ዘንድም ያንኑ መንገድ ተገላቢጦሽ ይሄዳል። ኢንፊኒባንድ የተባለው ፈጣን የኔትወርክ ዓይነት ቨርቹዋል ማሽን በሌለበት ትንሽ መልእክትን ከ1 እስከ 2 ማይክሮሰከንድ ገደማ ሲያደርስ፣ ቲሲፒ በቨርት-አይኦ በኩል ብዙውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠሩ ማይክሮሰከንዶችን ይፈጃል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጁትን የኦኤስዩ መለኪያዎች በ8 ባይት መልእክት ያስኪዱና ልዩነቱን ይመልከቱ። መፍትሔው ኤስአር-አይኦቪ ነው፦ ካርዱ ራሱን ለብዙ ቨርቹዋል ካርዶች ይከፍላል፣ እያንዳንዱ ማሽን አንዱን በቀጥታ ይይዛል፣ ሃይፐርቫይዘሩም (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ከዳታው መንገድ ይወጣል።

መልስ 2፦
በዋናው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ካርድ ላይ እጅ ከማሳረፍ በፊት ፕሮሰሰሩን መፈተሽ ይቀድማል። የአንዱ ማሽን ቨርቹዋል ኮር ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከእውነተኛው ኮር ላይ ቢነሣ፣ የተቀሩት ሂደቶች በሙሉ እሱን ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ከውጭ ለሚያየው ግን ጥፋቱ የኔትወርክ ይመስላል። አራት ሲሆን ታግሦ ስምንት ሲሆን መዘግየቱም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ማሽን በተጨመረ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የመቆም ዕድሉ ይጨምራልና። በቶፕ (የፕሮሰሰር አጠቃቀምን በሚያሳየው ትእዛዝ) ውስጥ «ስቲል» የሚለው ቁጥር፣ ማለትም ማሽኑ እውነተኛው ኮር በሌላ ሥራ ስለተያዘ የጠበቀበት ጊዜ፣ ከዜሮ በላይ ከሆነ ቨርቹዋል ኮሮቹን በእውነተኛ ኮሮች ላይ ይሰኩ፤ የማሽኑ ሜሞሪና የኔትወርክ ካርዱም በአንድ የኑማ ክፍል (በአንድ ፕሮሰሰርና በቅርቡ ባለው ሜሞሪ ወገን) መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ጠያቂው፦
ስቲል በእርግጥ ከዜሮ በላይ ነበር፤ በሁለቱ ሰርቨሮች ላይ የአስተዳደር ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ማሽኖች ኮር ይጋሩ ኖሯል። እነሱን አንሥቼ ኮሮቹን ከሰካሁ በኋላ ስምንቱ ከአራቱ መዘግየታቸው ቀርቷል፤ ሆኖም ቨርቹዋል ማሽን ሳይኖር ከሚገኘው ፍጥነት አሁንም ሩቅ ነን። ኤስአር-አይኦቪን ብንጠቀም ማሽኖችን ሳናቆም ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ማዛወር አንችልም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

መልስ 1፦
በአብዛኛው እውነት ነው፤ የካርዱ ሁኔታ በሃርድዌሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ እንደ ቨርት-አይኦ በቀላሉ ተቀድቶ አይሄድም። ለእርስዎ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ደብልዩአርኤፍ የዳግም ማስጀመሪያ ፋይል ስለሚጽፍ ሥራውን አቁሞ በሌላ ሰርቨር ላይ ካቆመበት መቀጠል ይቻላል። ካርዶቻችሁ አርዲኤምኤን (ከርነሉን ሳያልፉ በቀጥታ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ማስተላለፍን) የሚችሉ ከሆኑ በኢተርኔት ላይ ሮኪን፣ ማለትም የአርዲኤምኤን የኢተርኔት ዓይነት፣ መሞከር ይገባል፤ ኤስአር-አይኦቪ ብቻውን የእንግዳውን ከርነልና ቲሲፒን አያስቀርምና። ለዚያ ግን ስዊቹ ፓኬት እንዳይጥል መዋቀር አለበት። እስከዚያው በእያንዳንዱ ማሽን የኤምፒአይ ሂደቶችን ቀንሶ የቀሩትን ኮሮች በኦፕንኤምፒ (የአንድን ሂደት ሥራ ሜሞሪ ለሚጋሩ ኮሮች በሚያከፋፍለው ዘዴ) ማሠራት ወጪ የሌለው ሙከራ ነው።