የልቀት ፈቃድ እንዴት ይሰረቃል?

ጠያቂ፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 የአውሮፓ ኮሚሽን የካርቦን ልቀት ፈቃድ ዝውውርን በድንገት አግዶ ነበር። ምክንያቱ ስርቆት ነው ይባላል። የማይጨበጥ መብት እንዴት ይሰረቃል?

የሒሳብ መርማሪ፦ አለመጨበጡ እኮ ነው ሌባውን የጠቀመው! ፈቃዱ ኩባንያዎች የሚገበያዩት፣ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቁጥር ነው፤ አንዱ የአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ይፈቅዳል። መጋዘን የለው፣ ጉምሩክ አይፈትሸው። በቼክ ዋና ከተማ በፕራግ የሆነውን ተመልከት። የአገሪቱ የፈቃድ መዝገብ ቢሮ ቦምብ ተጠምዷል ተብሎ ሠራተኞቹ ወጡ። በማግስቱ አንድ ድርጅት ሒሳቡን ሲያይ 475,000 ያህል ፈቃድ የለም፤ ከአገር አገር ተዘዋውሯል።

ጠያቂ፦ የይለፍ ቃል አልነበረውም?

የሒሳብ መርማሪ፦ የይለፍ ቃልማ በ2010 መጀመሪያም ነበር። አጭበርባሪዎች ከጀርመን መዝገብ የተላከ የሚመስል ኢሜይል በተኑ፤ ለደኅንነታችሁ ሲባል እንደገና ተመዝገቡ የሚል። ድፍረታቸው ይገርማል። የታዘዘውን የፈጸመ ሁሉ ቁልፉን በእጁ አስረከበ።

የታክስ ባለሙያ፦ ስርቆቱ ከታክስ ማጭበርበሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ፈቃዱን ከሌላ አገር ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይገዛሉ፣ አገር ውስጥ ታክሱን ጨምረው ይሸጣሉ፣ የሰበሰቡትን ለመንግሥት ሳያስገቡ ይሰወራሉ። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል በ2009 መጨረሻ ጉዳቱን 5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ገምቶታል።

ጠያቂ፦ አሁንስ?

የሒሳብ መርማሪ፦ የየአገሩ መዝገብ በ2012 ወደ አንድ የአውሮፓ ኅብረት መዝገብ ተጠቃለለ። ዝውውሩም እንዲዘገይ ተደረገ፤ ባለቤቱ ነቅቶ ለማስቆም ጊዜ ያገኛል። ይህ ከመጀመሪያው ለምን እንዳልታሰበ ግን ዛሬም አይገባኝም።