ደጄ ላይ ያለውን ግቢ ትቼ አርባ ምንጭ ብሞላ አበደች ትሉኛላችሁ?

የኮዬዋ፦
ሰላም ጀማው። ማትሪክ አልፌያለሁ ተመስገን ነው፣ ናቹራል ነኝ፣ ምርጫ መሙያው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶታል እና እቤት ውስጥ ጦርነት ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ደግሞ እዚሁ ቂሊንጦ፣ የመግቢያ ፈተናውንም አልፌዋለሁ። አባዬ "ሰው ከጎጃም ከባሌ እየመጣ የሚማርበት ግቢ ደጅሽ ተቀምጦ አንቺ ወዴት ነው ምትሄጂው" ይላል፣ እውነቱን ነው።

ልቤ ያለው ግን አርባ ምንጭ ነው፣ ውሃ ምህንድስና። ለምን እንደሆነ የኮንዶሚኒየም ሰው ይገባዋል። 4ኛ ፎቅ ነን፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ስትመጣም ሌሊት 9 ሰዓት ያውም ከምድር አልፋ አትወጣም፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ደረጃ ለደረጃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ፊዚክስ ላይ ፕሬዠር ስንማር ከክፍሉ ብቻዬን ነው ደስ ያለኝ ሃሃ። እዛ የተማራችሁ ካላችሁ በእግዜር አንድ በሉኝ።

የሲቀላ ትዝታ፦
አላበድሽም እህቴ። እኔ እዛው ነው የጨረስኩት፣ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ሳይባል በፊት በደርግ ጊዜ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው የተጀመረው ስለዚህ ውሃ ላይ ስሙ ዝም ብሎ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አንቺ ውሃ ምህንድስና ያልሽው አንድ ዲፓርትመንት አይደለም። ሃይድሮሊክስ አለ፣ መስኖ አለ፣ ዋተር ሰፕላይ፣ ማለት ውሃን እቤት ድረስ ማድረስ፣ አለ፣ ሜትሮሎጂ ሳይቀር አለ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሄጄ ጓደኛዬ ስለሞላ ብቻ መስኖ ሞላሁ፣ አሁን ስራዬን እወደዋለሁ ግን ያኔ ጠያቂ ቢኖረኝ ጥሩ ነበር። ያንቺ ጥያቄ የዋተር ሰፕላይ ነው። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 1 ባር ገደማ ግፊት ትፈልጋለች፣ 4ኛ ፎቅ ማለት 12 ሜትር አካባቢ ነው፣ መስመሩ ላይ ያለው ግፊት ከዛ ካነሰ ውሃዋ ምድር ቤት ያሉትን ጎረቤቶችሽን አጠጥታ ትቀራለች። ጀሪካን ይዘሽ ስትወጪ የነበርሽው ፓምፑ አንቺ ነሽ ማለት ነው 😅

ኑሮውን በተመለከተ ሙቀቱ የአዲስ አበባን ሰው ያደክማል፣ ወባ ስላለ አጎበር ያዢ፣ ለሎከርሽ ጓጉንቸር ከዚሁ ግዢ። ካፌው ሲሰለችሽ የእናትሽ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው ሚያድንሽ፣ እሱም ዶርም ውስጥ ከታወቀ ሳምንት አይቆይም።

ሲጂፒኤ_በላኝ፦
ወገን ቀስ በሉ። አንደኛ፣ ስለሞላሽ ብቻ ትደርሺያለሽ ማለት አይደለም፣ መዳቢው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ሌላው ደግሞ በ2012 ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) ከተመለሰ ወዲህ የትም ግቢ ብትገቢ መጀመሪያ ምትማሪው ኮመን ኮርስ ነው፣ ሎጂክ ሳይኮሎጂ ምናምን፣ ዲፓርትመንት ምትይዢው ከዛ በኋላ በውጤትሽ ነው። እኔ ሶፍትዌር ብዬ ገብቼ መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ስዝናና ውጤቴ አልበቃ ብሎኝ ያላሰብኩት ቦታ ነው የወደቅኩት። እና አባትሽን አትናቂ፣ እዛው ቂሊንጦም ሲቪል አለ፣ ሲቪል ውስጥ ሃይድሮሊክስም ሃይድሮሎጂም ትማሪያለሽ። ኮስት ሼሪንጉንም አስቢ፣ ተመርቀሽ ምትከፍይውን የወጪ መጋራት ማለቴ ነው፣ ውል ስትፈርሚ የምግብና የዶርሙ ሙሉውን ነው ሚታሰብብሽ፣ የትምህርቱ ግን ከፊሉ ብቻ፣ እቤትሽ በልተሽ ካደርሽ እዳው ይቀላል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተና አለ፣ ለአንድ ፊልድ አገር ሙሉ ፈተናው አንድ ነው፣ የትም ተማሪ የት ሚጠብቅሽ እሱ ነው።

የገላኗ እናት፦
የኔ ልጅ እንኳን ደስ ያለሽ። ሁለት ልጅ ሸኝቻለሁ፣ አንዷን ጅማ አንዱን ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ እነሱ ጭራሽ ዞርም አላሉ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እሺ ውሃውን ወደድሽው፣ ግን ውሃው ነው ወይስ ከጀሪካኑ መሸሽ ነው ያማረሽ? ሁለቱም ነውር የለውም። ብቻ ለይተሽ እወቂው፣ የኔዋ ከቤት ለመውጣት ብላ ያልወደደችውን ትምህርት ሞልታ 2 ዓመት ስትነጫነጭብኝ ከርማለች።

የኮዬዋ፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥያቄዎ ሌሊት እንቅልፍ ነው የነሳኝ። እውነቱን ልንገርዎት? ጀሪካኑን መሸሽም አለበት። ግን እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ታናሽ ወንድሜ ገና 5ኛ ክፍል ነው፣ እኔ 500 ኪሎ ሜትር ርቄ ስለ ውሃ ስማር እሷ ውሃ ማን ያወጣላታል ብዬ አስቤ ራሴን ታዘብኩት። ትናንት ማታ ለአባዬ የ12 ሜትሯን ነገር ወረቀት ላይ ስዬ አሳየሁት፣ ዝም ብሎ አይቶ አይቶ "ታዲያ የብሎኩ ኮሚቴ ፓምፕ ለማስገባት ስንት ብር ነው ሚያዋጣው" አለኝ። አልተቆጣም ማለት ነው መሰለኝ።

አርባ ምንጭን 1ኛ አድርጌ ሞልቻለሁ፣ ቂሊንጦን 2ኛ። @የሲቀላ ትዝታ ስለ ዋተር ሰፕላዩ በኋላ በውስጥ አስቸግርሃለሁ፣ አሁን ውሃ መጣች እያሉ እየጮሁ ነው፣ ልውረድ።