የእጅ ፍሬን ይዤ እንኳ መኪናው ከክሪኩ ላይ ወደቀብኝ

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኋላ ፍሬን ሸራ ራሴ ልቀይር ብዬ አንዱን ጎን በክሪክ አነሳሁ። የእጅ ፍሬን ይዤ ነበር። ጎማውን አወጣሁ፤ ታምቡሩ (የፍሬን ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ግን ንቅንቅ አልል አለ። ለካ የእጅ ፍሬኑ ነው የያዘው። ልክ ስለቀው መኪናው ወደ ፊት ሸርተት አለ፣ ክሪኩ ተንጋዶ ወደቀ፣ ታምቡሩ መሬት መታ። እግሬ ሥሩ አልነበረም እንጂ! መኪናው ማንዋል ነው፣ የሚነዳው በፊት ጎማ ነው። ሥራውን እንዴት ልጨርሰው?

ባለመፍቻ፦
እንኳን ተረፍክ። የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። አንተ ደግሞ እነሱን ለቀቅካቸው፤ ታዲያ ማን ይያዘው? ሜዳ ቦታ ላይ አቁም። ለሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። ሞተሩን አጥፍተህ ማርሹን አንደኛ ላይ አስገባ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ትንሽ አላላቸው፤ ከተነሳ በኋላ መታገል ነው መኪናውን የሚወዘውዘው።

ዘይት የጠገበ፦
ዋናው ነገር ቀረ እኮ። ክሪክ የሚያነሳ እንጂ የሚያቆም አይደለም። የዘይቱ ክሪክ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ካረጀ ቀስ እያለ ይወርዳል። ክብደቱን የሚችል የብረት መደገፊያ አስገባና መኪናውን እሱ ላይ አሳርፈው። የት እንደሚገባ የመኪናው መመሪያ ያሳያል፤ ያገኘኸው ቆርቆሮ ላይ አትደግፍ። ከዚያ በእጅህ ገፋ ገፋ አድርገው። ከተነቃነቀ አውርደህ እንደገና ጀምር። የወጣውን ጎማም ከመኪናው ሥር አጋድመው፤ ቢወድቅ እንኳ ክፍተት ይተርፍልሃል።

መንገደኛ፦
እኔ ብሎኬት ነው የምደግፈው። ምንም ሆኖ አያውቅም።

ዘይት የጠገበ፦
ወንድሜ፣ እስካሁን ነዋ! ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። ብረቱ አንድ ነጥብ ላይ ሲጫነው ድንገት ይፈረካከሳል። ማስጠንቀቂያ አይሰጥህም።

ባለመፍቻ፦
ጀማሪው፣ ታምቡሩ መሬት ስለመታ ዙሪያውን እየው። ስንጥቅ ካለው አትመልሰው። አቧራውንም በአፍህ እፍ አትበል፣ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ጀማሪው፦
ታኮ አድርጌ፣ መደገፊያ ተውሼ ጨረስኩ። ታምቡሩ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ ስለነበር የግራና የቀኙን ታምቡር ሁለቱንም ቀየርኩ። የፍሬን ፔዳሉ ግን መጀመሪያ ወለል ድረስ ገባ፣ ደነገጥኩ። ደጋግሜ ስረግጠው ጠነከረ። ልክ ነው?

ባለመፍቻ፦
ሸራው ገና ከታምቡሩ ጋር ስላልተቀራረበ ነው። ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ ደህና ነው፣ እየላላ ከተመለሰ ግን የፍሬን ዘይቱ መስመር ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። መንገድ ከመውጣትህ በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ ቀስ ብለህ ሞክረው።