ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የት ልሳለም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከጎንደር መጥታ እኔ ጋ ናት፤ የፊታችን ቅዳሜ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ላሳልማት ፈልጌያለሁ። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚያልቅ ይሁን። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ አትራመድም። የት ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጡ በልልን! እኔ ያለ ምንም ጥርጥር አዳዲ ማርያም ነው የምለው። በቡታጅራ መንገድ ወጥተህ መልካ አዋሽ ጋ ትታጠፋለህ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥርጊያ መንገድ ነው። ከቋጥኝ የተፈለፈለች ናት፤ ጣሪያዋ ከመሬቱ እኩል ስለሆነ አጠገቧ እስክትደርስ ድረስ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን እንኳ አትጠረጥርም። ቅዱስ ላሊበላ እንዳነጻት ነው የሚነገረው። ውስጧ ጨለም ይላል፣ ጫማ ስታወልቅ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ ለእናትህ ወፍራም ካልሲ ያዝላት። ደረጃው ላይ እጇን ያዝ አድርጋት።

መልስ፦ ለጉልበታቸው እንጦጦ ማርያም ትሻላለች፣ ቅርብ ናት፣ መኪናም አጠገቧ ይደርሳል። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። ሙዚየሙን አሳያቸው። ራጉኤልም ብዙ አይርቅም።

መልስ፦ የካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤል ግን ለሌላ ጊዜ አቆየው፣ አቀበቱ ለእሳቸው አይሆንም። አንተ ብቻህን ብትሄድ ግን ደስ ይልሃል፤ ጣሪያው ስለሌለ ከላይ ሆነህ የተፈለፈለውን ግድግዳና አምድ ቁልጭ አድርገህ ታየዋለህ። ይህን የመሰለ ቅርስ አፍንጫችን ስር ሆኖ ብዙ ሰው አለማወቁ ያንገበግበኛል። የትም ብትሄዱ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ካህናቱን አስፈቅድ።